በሚቀጥለው የፊልም ምሽት ወላጆቻችንን እንጥራ

የማኅበራችን የፊልም ምሽት ሁሌም በሳቅ ነው የሚያልፈው። ቅር አይለኝም፤ ከፈተና በኋላ ሳቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሴሚስተር ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ፦ ዘጋቢ ፊልም እናሳይ፣ ወላጆቻችንንም እንጥራ።

ሐሳቡ የመጣልኝ «ፋይንዲንግ ሳሊ»ን ካየሁ በኋላ ነው። ታማራ ማሪያም ዳዊት በ2020 ያወጣችው ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ካናዳ ያደገችው ታማራ፣ ሰላማዊት የምትባል አክስት እንደነበረቻት ያወቀችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ነው። ሰላማዊት የአምባሳደር ልጅ ሆና ኢሕአፓ ገባች፤ ከዚያ ደብዛዋ ጠፋ። ቤተሰቡም ዝም አለ።

እኛ ሳሎን ውስጥ፣ ከአያቴ ፎቶ አጠገብ፣ አፍሮ ያበጠረ ወጣት ተሰቅሏል። ልጅ ሆኜ ማን እንደሆነ ስጠይቅ አባቴ «ወንድሜ ነው» ይልና ወደ ዜናው ይመለሳል። እስከ ዛሬ የማውቀው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምርጫዬ የሳሌም መኩሪያ «ደሉጅ» ነው፤ 1997። ሳሌም በዚያ ዘመን ወንድሟንም የልብ ጓደኛዋንም አጥታለች። ፊልሙ የተማሪውን ንቅናቄ ስለሚተርክ እኛን በቀጥታ ይመለከታል፤ እነዚያ ልጆች የእኛ እኩዮች ነበሩ።

ከውጭ አንድ ብቻ ልጨምር። በጆሹዋ ኦፐንሃይመር «ዘ ሉክ ኦፍ ሳይለንስ» (2014) ውስጥ አንድ ኢንዶኔዥያዊ የመነጽር ባለሙያ፣ በ1965ቱ ጭፍጨፋ ወንድሙን የገደሉትን ሰዎች ዓይን እየመረመረ ስለ ግድያው ይጠይቃቸዋል። አንድ መንደር ውስጥ ነው የሚኖሩት። ከዚህ የከበደ ፊልም አላየሁም።

«ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው» የሚል ካለ፣ የራሳችንን ከተማ ያስታውስ። በ1989 እዚሁ አትላንታ፣ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት እዚያው ሻንጣ የሚሸከመውን ሰው አየችና አወቀችው። ቀልቤሳ ነገዎ ነበር፤ በቀይ ሽብር ጊዜ እሷ ስትገረፍ የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው። ሦስት ሴቶች ሆነው ከሰሱት። በ1993 የአትላንታው የፌዴራል ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረደላቸው፤ በ2006 ሰውየው ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። እኔ ይህን ያነበብኩት ለአንድ ኮርስ ጽሑፍ ስፈልግ ነው። እዚህ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ግን በዓል ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት አንድም ትልቅ ሰው ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም።

የኮሚቴ ጓደኞቼ «ቁስል መነካካት ይሆናል» አሉኝ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ኢሕአፓ የነበረ፣ መኢሶን የነበረ፣ የደርግ ወታደር የነበረ፣ ሁሉም እዚህ ከተማ አለ፤ አንድ አዳራሽ ሊቀመጡም ይችላሉ። ስለዚህ ከፊልሙ በኋላ ማይክ ማዞር አያስፈልግም። ማንንም «ተናገር» አንበል። ቡና እናፍላ፣ መብራት እናብራ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሂድ። ጥያቄው መኪና ውስጥ ይመጣል። ካልመጣም አይመጣም።

ባለፈው እሑድ ለአባቴ ነገርኩት። ስለምን እንደሆነ ሳስረዳው ሪሞቱን ይዞ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ማን ማን ይመጣል?»