ብርዝ ከሆነ ብርዝ ነው በሉን!

ጠጅ ቤት የገባ ሰው ከመቀመጡ ይጠየቃል። ጠጅ ነው ብርዝ? ደረቅ ነው ለስላሳ? አሳላፊዋ ጠጅ ታዛ ብርዝ ብታቀርብ፣ ብርሌው ባይወረወርም ሂሳቡ አይከፈልም። የሚገርመው፣ ለአንድ ብርሌ ጠጅ ያለን መብት ለአርባ ሊትር ቤንዚን የለንም። «ሙላው» እንላለን፤ ቀጂው ይሞላል፤ ከፍለን እንወጣለን። በቃ! የተቀዳልን ንጹሕ ቤንዚን ይሁን አልኮል የገባበት ማን ጠይቆ፣ ማንስ መልሶ?

ነገሩ ተረት አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ለአዲስ አበባ መኪኖች መሸጥ ተጀመረ። በመቶ እጅ አምስት ነበር። በ2003 ዓ.ም. ወደ አሥር ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ኤታኖሉ ሲያጥር ቅልቅሉም ተቆራርጧል። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ነዳጅ በዶላር እስከተገዛ ድረስም አይሞትም።

ኤታኖል ጠላት ነው ያለ የለም። ከስኳር የተረፈ ሞላሰስ ከሚደፋ ነዳጅ ቢሆን፣ የውጭ ምንዛሪም ቢተርፍ ማን ይጠላል? ብራዚሎች እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምረው ይዘውት አገር አቁመውበታል። ግን ብራዚሎች መኪናውንም ለአልኮሉ እንዲሆን አድርገው ሠሩት። እኛ የያዝነው ምንድነው? ቮልስ፣ ሰይቸንቶ፣ ፔጆ 404፣ ከደርግ ዘመን የተረፈ ላዳ! እነዚህ ሲሠሩ አልኮል ይጠጣሉ ብሎ ያሰበ መሐንዲስ አልነበረም።

አልኮል በአሮጌ መኪና ላይ የሚያደርሰውን ማንኛውም መካኒክ ያስረዳችኋል። አንደኛ፣ የድሮውን የላስቲክ ቱቦና የካርቡራተር ጎማ ያላላል፣ ያሳብጣል፣ ይሰነጥቃል። የተሰነጠቀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ደግሞ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እሳት ነው። ሁለተኛ፣ በታንኩ ውስጥ ለሠላሳና አርባ ዓመት የተጋገረውን ዝቃጭ አጥቦ ወደ ፊልትሮ ይልካል። ሦስተኛ፣ ውሃ ይወዳል። ክረምቱን ቆሞ በከረመ መኪና ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ሲበዛ አልኮሉ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውሃው ጋር ወደ ታንኩ ግርጌ ይወርዳል። ሞተሩ መጀመሪያ የሚስበው ያንን ነው።

በ2003 ዓ.ም. የሰፈራችን የላዳ ባለቤት አንድ ጠዋት መኪናቸው አልነሳም አላቸው። ፊልትሮው ሲፈታ በቡናማ ጭቃ ተደፍኗል፤ ቱቦው እንደ ማስቲካ ላልቷል።

«ጋሼ፣ ቤንዚኑን ከየት ነው የቀዱት?» አላቸው መካኒኩ።

«ከማደያ ነዋ! ከወንዝ ልቅዳ?»

ሦስት ቀን ቆሙ። የላዳ ሰው ሦስት ቀን ሲቆም ቤተሰቡም አብሮ ይቆማል። ቱቦው አርጅቶ ይሁን አልኮሉ በልቶት፣ መካኒኩም እኔም ምለን መናገር አንችልም። የምንቀዳውን የሚነግረን ቢኖር ግን ያ ቱቦ በጥቂት ብር ቀድሞ ይቀየር ነበር። እሳቸውን የጎዳቸው ከአልኮሉ ይልቅ ዝምታው ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 አሥር በመቶውን መደበኛ ቤንዚን ስታደርግ፣ ከ2002 በፊት የተሠሩ መኪኖች ባይቀዱት ይሻላል ብላ በግልጽ አስጠነቀቀች። አምስት በመቶውንም «ሱፐር» በሚባለው ቤንዚን አስቀረችላቸው። በመቅጃው ማሽን ላይም ስንት በመቶ እንደሆነ ተለጥፏል። ለምን? ባለ አሮጌ መኪናም ዜጋ ነዋ!

የዋጋውም ነገር አለ። አንድ ሊትር ኤታኖል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በሲሶ ያህል ያነሰ ጉልበት ነው ያለው። አሥር በመቶ ሲቀላቀል ከእያንዳንዱ ሊትር ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ይጎድላል። በቀን ሃያ ሊትር ለሚያቃጥል ታክሲ ከግማሽ ሊትር በላይ ማለት ነው። በወር አስሉት!

«አሮጌውን ጥላችሁ አዲስ ግዙ» የሚል አይጠፋም። በምን አቅም? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። በእጁ ያለችውን ላዳ የሚለውጥበት ገንዘብ የሌለው ሰው እሷኑ እያስጠገነ ይኖራል፤ ሌላ ምርጫ የለውም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። አንደኛ፣ ቅልቅል በሚሸጥበት ማደያ ሁሉ ስንት በመቶ እንደሆነ በመቅጃው ላይ በትልቁ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በየከተማው ቢያንስ ጥቂት ማደያዎች ያልተቀላቀለውን ይያዙ። ሦስተኛ፣ የጎደለው ጉልበት ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ይህን ለመጻፍ ዶላር አይፈልግም፤ ቀለምና ብሩሽ ይበቃል። ብርዙንም ቢሆን እንጠጣለን፤ ችግር ያስለመደው ሕዝብ ነን። ግን ጠጅ ነው ብላችሁ አትሽጡልን!