ክራፍት ቢራው ገባ፤ ጠላችንስ?

ኒውአርክ ሲባል ብዙ ሰው የኒው ጀርሲዋን ከተማ ያስባል። እኔ የማወራው በፍሪሞንት ስለተከበበችው፣ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ስንወርድ በ880 መንገድ ስለምናልፋት ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ ነው። ሰሞኑን በሰፈራችን ሱቆች ማቀዝቀዣ ውስጥ አዳዲስ ክራፍት ቢራዎች ገብተዋል። ክራፍት ቢራ የሚባለው ከግዙፎቹ ኩባንያዎች ውጪ የሆኑ አነስተኛ ጠማቂዎች በራሳቸው አሠራር የሚጠምቁት ቢራ ነው። አራቱ ጣሳ ከ15 እስከ 20 ዶላር ይሸጣል።

ከእነዚህ አንዱን፣ ሄዚ አይፒኤ የሚባለውን ዓይነት ቀምሼዋለሁ። እንደ ጊዮርጊስ ኩልል ያለ አይደለም፤ ደፍረስ ብሏል። ብርቱካንና ማንጎ ይሸታል፤ ሽታው ግን ፍራፍሬ ተጨምሮበት ሳይሆን ሆፕስ ከሚባለው ተክል የመጣ ነው። ከዋጡት በኋላ ምላስ ላይ መረር ብሎ ይቆያል። ጥሩ ነው ወይ? አዎ፣ ጥሩ ነው። አዲስ ነው ወይ? ለሐበሻ ግን እምብዛም አዲስ አይደለም። ደፍረስ ያለ፣ ያልተጣራ፣ ገና ትኩስ የሆነ መጠጥ እኛ ዘንድ ስም አለው፤ ጉሽ ይባላል።

ነገሩን ትንሽ ዘርዘር ብናደርገው መመሳሰሉ ይበልጥ ይገርማል። እነሱ ብቅል ይላሉ፤ እኛም ገብሱን ነክረን፣ አብቅለን፣ አድርቀን ብቅል እንላለን። የእነሱ ምሬት ከሆፕስ ይመጣል፤ የእኛ ከጌሾ። በጀርመኗ ባምበርግ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው የሚጠምቁት ቢራ በዓለም የታወቀ ነው፤ እናቶቻችን ደግሞ እንስራውን በግራዋ አጥበው በወይራ ያጥኑታል። ሌላው ቀርቶ እዚህ "ሳወር" ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ኮምጣጣ ቢራ ያየች የአገራችን ጠላ ጠማቂ ምን እንደምትል መገመት አያቅትም። እሷ ዘንድ ጠላ ከኮመጠጠ እንግዳ ፊት አይቀርብም።

ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? አክብሮቱ ላይ ነው። እዚህ የጠማቂው ሙያ ጣሳው ላይ ይጻፋል፤ ምን ዓይነት ብቅል፣ የትኛው ሆፕስ፣ ስንት ፐርሰንት አልኮል። እኛ አገር የጠላ ቤት ምልክቱ በር ላይ በእንጨት የተደፋ ባዶ ጣሳ ነው፤ የጠማቂዋ ስም የትም የለም። ከመካከላችን "እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ" የሚል ኢንጂነርና ዶክተር ጥቂት አይደለም። ይህን ስንናገር ግን የምንናገረው የድህነት ታሪክ አድርገን ነው። የሙያ ታሪክ ነው ብለን አናውቅም። ጥንስሱን ጠንስሳ፣ እንኩሮውን አንኩራ፣ ድፍድፉ ደርሷል አልደረሰም የሚለውን በአፍንጫዋ የምትለይ ሴት እዚህ ብትሆን ኖሮ የጠመቃ ባለሙያ ትባል ነበር።

አንዳንዱ "እኔ የአገሬን ቢራ ትቼ ሌላ አልጠጣም" ይላል። ፍቅሩን አልነቅፍም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው ጊዮርጊስ ከ1998 ጀምሮ በፈረንሳዩ ካስቴል እጅ ነው። በደሌንና ሐረርን ደግሞ በ2011 ሄኒከን ገዝቷቸዋል። ማንም ያልገዛው የእኛ መጠጥ ጠላው ነው። ያልተገዛው ግን ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ራሳችንም ስላላሰብነው ይመስለኛል።

የምንኖርበት አካባቢ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በ1965 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከ1896 ጀምሮ የቆየው አንከር የተባለ የቢራ ጠመቃ ሊዘጋ ሲል ፍሪትዝ ሜይታግ የሚባል ወጣት ድርሻውን ገዝቶ አዳነው። አሜሪካ ውስጥ ቢራ በቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 ከፈረሙ በኋላ ነው። በ1983 ከኒውአርክ አጠገብ ባለችው ሄይዋርድ ቢል ኦውንስ የተባለ ፎቶ አንሺ እዚያው እየጠመቀ የሚሸጥበት ቡፋሎ ቢልስ የተባለ ቤት ከፈተ፤ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከ9,000 በላይ የቢራ ጠመቃዎች አሉ። አንከር ራሱ በጃፓኑ ሳፖሮ ከተገዛ በኋላ በ2023 ተዘጋ፤ በ2024 ደግሞ መልሶ የገዛው ከቱርክ የመጣው ስደተኛ፣ የቾባኒ እርጎ ባለቤት ሃምዲ ኡሉካያ ነው። ስደተኛ የሌላውን ቅርስ ለማዳን ከበቃ፣ እኛ የራሳችንን ማዳን እንዴት ያቅተናል?

ፋብሪካ ክፈቱ እያልኩ አይደለም። መጀመሪያ ስልክ አንሱ። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ "ትንሽ ጌሾ፣ በርከት ያለ ብቅል" ስትላችሁ "ስንት ኩባያ? ስንት ቀን?" ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት። የጎንደሩ ኮረፌ ከሸዋው ጠላ በምን እንደሚለይ ጠይቁ። ይህ እውቀት ያለው በእነሱ እጅና አፍንጫ ነው፤ እድሜያቸው ደግሞ እየገፋ ነው። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የምትማሩ ልጆች ጌሾ በጥንስሱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማጥናት ከእናንተ የተሻለ ማን አለ? ሕጉም አይከለክልም። ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ገደማ ለራሱ መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። ለእንቁጣጣሽ ከበቂ በላይ ነው። ወይራውን ስታጥኑ ብቻ የአፓርታማው የእሳት ማስጠንቀቂያ እንዳይጮህባችሁ!

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በተለይ ለተማሪዎች። ጣሳው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 8 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ትልቅ ጣሳ፣ 473 ሚሊ ሊትሩ፣ 5 በመቶ ካለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሁለቱን ይበልጣል። "አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት" ብሎ 880 ላይ መውጣት ለሕይወትም ለቪዛም አደገኛ ነው። ጠጥቶ በማሽከርከር መያዝ ብቻውን ቪዛ ሊያሰርዝ ይችላል። የቤት ጠላ ደግሞ ቁጥር አልተጻፈበትም፤ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል። የማይጠጣ ካለ ብርዝ አለ።

ክራፍት ቢራውን ቅመሱት፤ እኔም እደግመዋለሁ። ግን ለአንድ ጣሳ አምስት ዶላር ስትከፍሉ የምትከፍሉት ለጠማቂው ሙያ መሆኑን አስቡ። እናቶቻችንም ያ ሙያ ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። ቢያንስ ጻፉላቸው።