የወሎ ኪታቦች፦ ለሙዚየም ይሰጡ ወይስ ከቤት ይቆዩ?

ደሴ ላይ ቅርስ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰን ከደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያነት ወደ ሙዚየምነት የተለወጠው ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ሥር በቆዩባቸው ሳምንታት ይኸው ሙዚየም ተዘረፈ። ከዚያ ወዲህ "የአባቶቻችሁን ኪታብ ለሙዚየም ስጡ" የሚባል የወሎ ቤተሰብ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ የቲምቡክቱ ነገር ትዝ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ፣ ከ300,000 በላይ የሚገመቱ የእጅ ጽሑፎች በብረት ሣጥን ተጭነው በመኪናና በጀልባ ወደ ባማኮ ሸሹ። ብዙዎቹ የቤተሰብ ንብረት ነበሩ። በጥር 2013 ታጣቂዎቹ ሲወጡ ያቃጠሏቸው ወደ 4,000 የሚጠጉ ጽሑፎች ግን በመንግሥታዊው የአሕመድ ባባ ተቋም አዲሱ ሕንፃ የቀሩት ናቸው።

ታዲያ ከቤት ይቆዩ ማለታችን ነው? እሱም አያዋጣም። ጣሪያ ያፈሳል፣ ምስጥ ይበላል፣ ደላላ ያንኳኳል። ዓሊሙ ሲሞቱ ደግሞ ኪታቡ ለወራሾች ይከፋፈላል፤ አንዱ ጁዝእ ደሴ፣ ሌላው አዲስ አበባ። የሚጠፋውም ቀላል አይደለም። እንደ ሸይኽ ጠልሓ ጀዕፈር ያሉ ዓሊሞች የገጠሙት የአማርኛ መንዙማ በዐጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል፣ ተጽፎ የኖረ ነው። (መምህር ሳለን፣ አማርኛ በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ እንደነበር ስንነግራቸው ብዙ ተማሪዎች አያምኑንም ነበር።) ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ ኢስላም ታሪክ ሲጽፉ በየመንደሩ የተቀመጡ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ባያገኙ ኖሮ ብዙው ነገር ባልታወቀ ነበር።

በእኛ እይታ መቅደም ያለበት ቅጂው ነው። ጌታም ይሁን ጀማ ንጉሥ፣ ኪታቡ ካለበት ሳይነሳ ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሳ፤ አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ለአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሰጥ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቢሆን ቅርስ በግለሰብ እጅ መያዙን አይከለክልም፤ እንዲመዘገብ ግን ያዛል።

ከምዝገባው ጋር ወቅፍን እናስታውስ። ወቅፍ የተደረገ ኪታብ አይሸጥም፣ አይወረስም። ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጽፈው ምስክር ቢያስፈርሙ፣ ደላላው ሲመጣ ልጆቻቸው የሚያሳዩት ነገር ይኖራቸዋል። ለሥራው አንድ ጥሩ ካሜራና ዐጀሚ ማንበብ የሚችሉ ሁለት ደረሳዎች ለመነሻ ይበቃሉ፤ ይህን ለማሟላት የደቡብ ወሎ መጅሊስ የማንንም በጀት መጠበቅ አይኖርበትም።