ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ጋኔን የለበትም



የዛሬው ቃላችን ከሁሉ በፊት የሚወቅሰው እኛን አገልጋዮችን ነው።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ ጸሎት ክፍላችን መጣች። ልጁ አይናገርም፤ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፤ እጆቹን ያርገበግባል። እኛ ምንም ሳንጠይቅ ፈረድን። ከበብነው፣ እጅ ጫንንበት፣ “ውጣ!” እያልን ጮኽን። ልጁ ጆሮዎቹን ደፍኖ ሲያለቅስ “ጋኔኑ ጮኸ” አልን። እናቲቱንም “የተሰወረ ኃጢአት ካለሽ ተናዘዢ” አልናት። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰችም። ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ቆይተን ከሌላ ሰው ሰማን።

ኦቲዝም ርኩስ መንፈስ አይደለም። ከሕፃንነት የሚጀምር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው፤ ምልክቶቹም ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ይታያሉ። አንዱ ጨርሶ አይናገርም፤ ሌላው አቀላጥፎ ይናገራል፣ የሰውን ስሜት ማንበብ ግን ይቸግረዋል። ለብዙዎቹ ኃይለኛ ድምፅ፣ ደማቅ ብርሃንና ድንገተኛ ንክኪ ሥቃይ ነው። ያ ልጅ ጆሮውን የደፈነው ጩኸታችን ስላሠቃየው ነበር።

እናትን መክሰስም በእኛ አልተጀመረም። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ ኦቲዝም ከጻፈ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት “እናቶች ፍቅር ስለነፈጓቸው ነው” የሚሉ ምሁራን ነበሩ። ሳይንሱ ስሕተቱን አይቶ ያንን ክስ ጣለው። እኛ ግን ከወደቀበት አንሥተን መንፈሳዊ ልብስ አለበስነው፤ “የዘር እርግማን” አልነው።

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው፣ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠይቀው ነበር (ዮሐ. 9)። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ታዲያ እርሱ የዘጋውን ጥያቄ እኛ በምን ሥልጣን እንከፍተዋለን?

“ማርቆስ 9 ላይ ድዳ መንፈስ ያለበት ልጅ የለም ወይ?” የሚሉን ወንድሞች አሉ። አለ። አጋንንት መኖራቸውን፣ ጌታም ዛሬ እንደሚፈውስ እናምናለን። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥24ን አስተውሉ፤ አጋንንት ያደሩባቸውና ሌሎች ሕመምተኞች ተለይተው ተቆጥረዋል። ወንጌሉ የለየውን እኛ ለምን እንደባልቃለን? ደግሞም በማርቆስ 9 ጌታ አባትየውን ጠየቀው፣ አደመጠው፤ በኃጢአት አልከሰሰውም። እኛ ኃይሉን እንፈልጋለን፤ ማድመጡን ግን አልተማርንም።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። አንዲት እናት በር ስትከፍት ብዙዎቻችን “ልጁ አምልኮ ይረብሻል” እያልን በር እንዘጋ ነበር። በየጓዳው የተደበቁ፣ አልፎ አልፎም የታሰሩ ልጆች አሉ። ወላጆቻቸው ከሚሸሹት ዓይን አንዱ የእኛ ዓይን መሆኑን እንመን።

ንስሐ ከሆነ ፍሬ ይኑረው። የድምፅ ማጉያውን እንቀንስ። ልጁ ሲጮህ ወይም ሲሮጥ ዞረን አናፍጥጥ። እናቲቱን “ምን ያረጋጋዋል?” ብለን እንጠይቅ። እርስዋ ጌታ እራት እንድትወስድ ከልጁ ጋር የሚቀመጥ አንድ ሰው ይመደብ። ስንጸልይ በለሆሳስ፣ ከወላጆቹ ጋር ተስማምተን እንጸልይ፤ ወደ ባለሙያ መሄድንም የእምነት ጉድለት አናድርገው። ጳውሎስ ደካማ የሚመስሉት ብልቶች እጅግ የሚያስፈልጉ ናቸው ይላል (1ቆሮ. 12፥22)። ስለዚህ ያ ልጅ የሌለበት ጉባኤ ጸጥታ ቢኖረውም ጎዶሎ ነው።

ይህን የምታነቡ፣ በእንዲህ ያለ ነገር ከቤተ ክርስቲያን የራቃችሁ ወላጆች ሆይ፣ ያባረራችሁ ጌታ አልነበረም፤ እኛ ነን። አንቺም እኅታችን፣ ልጅሽ ዛሬ ወጣት ሆኖ ይሆናል። በደልንሽ፤ እርሱንም በደልነው። ይቅር በሉን። ብትመጡ ደጃፍ ላይ ቆመን እንቀበላችኋለን፤ በዚህ ጊዜ አንጮኽም።