በክረምት ላነበበ ልጅ ምን እንላክለት?

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በጅዳና በመካ በሰው ቤት በሚሠሩ እኅቶቻችን ዘንድ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አገር ቤት ከአያት ወይም ከአክስት ጋር የቀሩት ልጆች ሐምሌንና ነሐሴን ምን ሲሠሩ ይከርማሉ? ብዙዎቻችሁ ‹‹መጽሐፍ ያንብቡ›› ትላላችሁ። መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጁ በስልክ ‹‹ባነብስ ምን ትልኪልኛለሽ?›› ብሎ ሲጠይቅ ነው። እናትም ከናፍቆቷ የተነሣ ‹‹አሥር መጽሐፍ ጨርስና ስልክ እልክልሃለሁ›› ትለዋለች። እንዲህ ያለውን ቃል መስጠት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ጉዳዩን ቀላል አድርገን ልናየው አይገባም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ፈተና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልሄዱ አልነበሩም፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የከረሙ ናቸው። ከዚያም በኋላ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ለብዙ ሕፃናት የሁለት ወሩ ዕረፍት ዓመታት ወደ መሆን ተለወጠ። ከወሎ፣ ከራያና ከሌላውም አካባቢ የመጣችሁ እኅቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ልጅ በቤቱ ማንበቡ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ያወቀውን ፊደል እንዳይረሳ የሚይዝበት ገመድ ነው።

ሽልማት ለእኛ አዲስ ነገር ነውን?

አንዳንዶች ‹‹ልጅ ለዕውቀት ብሎ ማንበብ አለበት፤ በሽልማት ማባበል የፈረንጅ አመል ነው›› ይላሉ። ይህ ግን ትክክል አይመስለንም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ይደግሱ ነበር፤ የኔታም ስጦታቸውን ይቀበሉ ነበር። በቁርኣን ቤትም ልጅ ቁርኣኑን ሲያከትም ቤተሰቡ ይደሰታል፤ ጎረቤት ተጠርቶ ይበላል፣ ይመረቃል። ሁለቱም ልማዶች በወሎ ምድር ጎን ለጎን ኖረዋል።

ነገር ግን የእነዚያን ድግሶች ጠባይ ልብ እንበል። ማንም ሰው ልጁን ‹‹በመዝሙር ይህን ያህል ብር›› ብሎ አልተዋዋለውም። ድግሱ የሚመጣው ረጅም ሥራ ሲፈጸም ነው። የሚበላውም ልጁ ብቻውን አይደለም፤ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና መምህሩ አብረው ይቀመጣሉ። ልጁ በዕለቱ የሚረዳው ‹‹ተከፈለኝ›› የሚለውን ሳይሆን ‹‹ከሚያነቡት ሰዎች ተቆጠርኩ›› የሚለውን ነው። ክብርና ደመወዝ የተለያዩ መሆናቸውን አባቶቻችን በተግባር አሳይተውናል።

በዙሪያችን ያለው ምሳሌ

በምትሠሩባቸው ቤቶች ያሉ ልጆችም በሽልማት ሲያነቡ አይታችሁ ይሆናል። የዱባዩ ገዢ ሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ አል-መክቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ያስጀመሩት የዐረብ የንባብ ውድድር የሳዑዲ ተማሪዎችም የሚሳተፉበት ነው። ተወዳዳሪው በዓመት 50 መጻሕፍት ማንበብ ይጠበቅበታል። ያነበበውን በአጭሩ የሚጽፍባቸው ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው አምስት ‹‹ፓስፖርቶች›› አሉ፤ እያንዳንዱ ፓስፖርት የሚሞላው በ10 መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሸናፊ የሆነችው ከሶርያዋ የሐለብ ከተማ የመጣች ሻም አል-በኩር የተባለች የ7 ዓመት ልጅ ነበረች።

በዚህ ውድድር ለአሸናፊው የሚሰጠው ገንዘብ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከሚሳተፉት እጅግ ብዙ ልጆች ገንዘቡን የሚያገኘው ከጣት የሚቆጠር ነው። የቀሩትን የሚያስነብባቸው ምንድን ነው? እንደ እኛ አስተያየት፣ አንደኛው የሚሞላው ፓስፖርት ነው፤ ልጁ መንገዱን በዓይኑ ያየዋል። ሁለተኛው ተቀምጦ የጻፈውን የሚያይለት ሰው መኖሩ ነው። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

የተመራመሩት ምን አገኙ?

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ‹‹ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ›› ተባለ። ለሌላው ምንም ሳይነገር ከሣለ በኋላ ድንገት ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁሉም በነፃ ሲጫወቱ ታዩ። አስቀድሞ ሽልማት የተነገራቸው ልጆች ለመሣል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። በውል የተገባ ሽልማት፣ ልጁ ቀድሞ ይወደው የነበረውን ነገር ሊያስጠላው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሮላንድ ፍራየር የተባለ የኢኮኖሚ ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው ጥናት አለ። በኒውዮርክና በቺካጎ ተማሪዎች ለጥሩ ውጤት ገንዘብ ተከፈላቸው፤ ልጆቹ ተደሰቱ፤ የፈተና ውጤታቸው ግን ከፍ አላለም። ውጤት እንዴት እንደሚሻሻል አላወቁትምና። በዳላስ ከተማ ግን የ2ኛ ክፍል ልጆች አንብበው አጭር ጥያቄ ለመለሱበት ለእያንዳንዱ መጽሐፍ 2 ዶላር ሲሰጣቸው፣ ያነበቡትን በመረዳት ረገድ የመሻሻል ምልክት ታየባቸው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ‹‹አንደኛ ውጣ›› ማለት ልጁ በእጁ ያላደረገውን መጠየቅ ነው፤ ‹‹ይህን መጽሐፍ አንብብና ንገረኝ›› ማለት ግን ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለውን መጠየቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ሪቻርድ አሊንግተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ነው። በፍሎሪዳ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች በየዕረፍቱ፣ ለሦስት ዓመት፣ ራሳቸው የመረጧቸው 12 መጻሕፍት በነፃ ተሰጧቸው። መጽሐፉ የራሳቸው ሆነ፤ ሌላ ሽልማት አልነበረም። ንባባቸውም ካልተሰጣቸው ልጆች ተሻለ። ለካ ብዙ ልጅ የማያነበው ሰንፎ ሳይሆን የሚያነበው አጥቶ ነው!

በአገራችንም ይህ እውነት መሆኑን አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሳይተዋል። ነገሌ ቦረና ተወልደው ያደጉት እኚህ ሰው ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር። በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ እንደሌለ ተመለከቱ። ‹‹ማሞ ቂሎ››ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት አደረጉ፤ በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። አህያዋ መጽሐፍ ጭና ስትመጣ ልጆች የተሰበሰቡት ገንዘብ ስለተሰጣቸው አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉም ከአርባ ዓመት በላይ ልጆችን በቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጧቸው በተረት ብቻ ነው። ጥሩ ታሪክ ራሱ ሽልማት ነው።

የእኛ ልዩ ችግር

እስካሁን ያልነው ለማንኛውም ወላጅ ይሆናል። በስደት ያለች እናት ግን ሌላ ችግር አለባት። ለልጇ የምታደርገው ሁሉ በሐዋላና በካርጎ የሚሄድ ነው። ልብሱ፣ ጫማው፣ የትምህርት ቤት ክፍያው በዕቃና በገንዘብ ይደርሳል። ልጁ እናቱን የሚያውቃት በምትልከው ነገር ሆኗል። ንባቡንም በዚሁ ላይ ከጨመርነው በመካከላቸው የቀረውን ጥቂት ነገር ወደ ገበያ አወጣነው ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ ሦስት ነገሮችን ልናስብ ይገባል። አንደኛ፣ አያት ፊደል ካልቆጠረች ልጁ አሥር መጽሐፍ ማንበቡን ማን ያረጋግጣል? ልጁ ‹‹ጨረስኩ›› ይላል፤ እናት ታምናለች፤ ልጁም ውሸት እንደሚያዋጣ ይማራል። ሁለተኛ፣ ደመወዝ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይቀራል። እናት ቃሏን ሳትጠብቅ ስትቀር ልጁ የማዳሟን ጥፋት አያውቅም፤ የሚያውቀው እናቱ እንዳታለለችው ነው። ሦስተኛ፣ ሽልማቱ ስልክ ከሆነ መጽሐፉን ያስጨረስነው ዳግመኛ መጽሐፍ እንዳይነካ በሚያደርገው ዕቃ ነው።

‹‹እኛስ ለደመወዝ አይደለም ወይ የምንሠራው? ልጅስ ቢከፈለው ምን አለበት?›› የምትሉ አላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሳችንም በጥያቄ ነው፤ ደመወዝ የቀረባት እኅት የማዳምን ወለል በደስታ መወልወሏን ትቀጥላለችን? አትቀጥልም፤ ልትቀጥልም አይገባትም። ለደመወዝ የሚሠራ ሥራ ደመወዙ ሲቆም ይቆማል። ንባብ ግን እናት ገንዘብ ባጣች ጊዜም፣ ከሞተችም በኋላ እንኳ ከልጁ ጋር እንዲቀር የምንፈልገው ነገር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሽልማት ፈጽሞ አይሰጥ አንልም። አሰጣጡ ግን እንዲህ ቢሆን እንመርጣለን።

መጀመሪያ መጽሐፉ ይድረስ። ስልክ ከመላክ በፊት በሚላከው ገንዘብ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት የተረት መጽሐፍ የሚሆን ጨምሩና ልጁ ከዘመድ ጋር ሄዶ ራሱ ይምረጥ። ቤተ መጻሕፍት በአቅራቢያው ካለ አንድ ሰው ይውሰደው።

ቀጥሎ ጆሮአችሁን ስጡት። ከሽልማቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ልጁ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብና በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ይላክ። ‹‹ቀን ስልክ መያዝ አይፈቀድልኝም፤ ጊዜም የለኝም›› የምትል እኅት ሌሊት ሥራ ጨርሳ ስትተኛ ትሰማዋለች። በማግሥቱም ‹‹ጅቡ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?›› ብላ ትጠይቀው። ልጁ ይህን ለመመለስ ሲል ሁለተኛውን ገጽ ይገልጣል። ያነበበውም ያላነበበውም በዚህ ይለያል፤ አያትን መርማሪ ማድረግ አያስፈልግም።

ማንበብ የማትችል እናትም አትፈር። ልጇን ‹‹አንተ አስተምረኝ›› ትበለው። በየሳምንቱ ጥቂት ፊደላት በስልክ ቢያሳያት፣ እርሱም ያጠናል፣ እርሷም ትማራለች። ለእናቱ መምህር ከመሆን የሚበልጥ ክብር ለልጅ ከየት ይመጣል?

ስጦታ ስትልኩ በውል አይሁን። ልጁ ሳያስበው አንድ ቀን ‹‹ያነበብክልኝን ተረት በጣም ስለወደድኩት ነው›› ተብሎ ደብተር፣ ቀለም ወይም ሌላ መጽሐፍ ይድረሰው። ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ እንደ ቀድሞው ልማድ አያት ቡና ታፍላ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ልጁ ያነበበውን ይተርክ፤ ይመረቅም። የዚህ ወጪ ከአንድ ስልክ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

ገና ፊደል የሚቸግረው ልጅ ካለ ግን ትንሽ ቃል የተገባበት ሽልማት ለመነሻ ሊረዳው ይችላል። የማይወደውን ነገር ሽልማት አያስጠላበትም። በዚህም ጊዜ ሽልማቱ ለሚችለው ነገር ይሁን፤ ‹‹ከወንድምህ ብለጥ›› ሳይሆን ‹‹በየቀኑ አንድ ገጽ›› ይባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ቃል የገባችሁትንም፣ ትንሽም ቢሆን፣ ፈጽሙ፤ የማትችሉትን ከመጀመሪያውኑ አትናገሩ።

እዚሁ ጅዳ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትኖሩም ብትሆኑ ነገሩ አንድ ነው። በበጋው ሙቀት ልጆች ከቤት ሳይወጡ ስልክ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ከቴሌቪዥኑና ከስልኩ በፊት አንድ ምዕራፍ በአማርኛ ቢነበብ አገራቸውንም ቋንቋቸውንም ይዘው ያድጋሉ። እናንተም ከጎናቸው ተቀምጣችሁ ስታነቡ ቢያዩአችሁ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

እኅቶቻችን፣ ለልጆቻችሁ ብላችሁ ባሕር ተሻግራችኋል። የምትልኩት ገንዘብ የላባችሁ ዋጋ ነውና አናቃልለውም። ነገር ግን ልጁ ክረምቱን ሙሉ የሚጠብቀው ዕቃውን ብቻ እንዳይሆን፣ ድምፁን የምትሰማለት እናት እንዳለችው ይወቅ። በዚህ ሳምንት ስትደውሉ ‹‹ምን ልላክልህ?›› ከማለታችሁ በፊት ‹‹ምን አነበብክ? እስቲ አንብብልኝ›› በሉት።

ቸር እንሰንብት።