“ቡታጅራ!” ይባላል፤ “ቲያ!” የሚል ደላላ ግን የለም

የቱሪዝም ገበያ ሲነሣ ባለሀብቶቻችን የሚያስቡት ላሊበላና ጎንደርን፣ አውሮፕላንና ባለኮከብ ሆቴልን ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ሱቅ ከፍቶ የሚውለው ነጋዴ ግን ገበያው በደጁ እንደሚያልፍ ልብ ያለው አይመስልም።

ከአየር ጤና የሚወጣው የጅማ መንገድ ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ ይገነጠላል። በዚሁ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ መልካ ቁንጥሬ አለ፤ አዋሽ ዳር ከሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት፣ ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የተመዘገበ ሥፍራ ነው። አለፍ ብሎ ወደ ቀኝ ሲገቡ ከዓለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም ትገኛለች። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገበው ቲያ ከነ36 ሐውልቶቹ፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው።

ሦስቱም በአንድ ቀን ታይተው ይመለሳሉ። ታዲያ ገንዘቡ የት ይቀራል? መግቢያ ትኬት ላይ ብቻ ከሆነ ገበያ አይባልም። ጎብኚ ሚኒባስ ይከራያል፣ ምሳ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ንጹሕ መጸዳጃ ይፈልጋል። (መጸዳጃውን የሚንቅ ባለሀብት ካለ ቤተሰቡን ይዞ አንድ ጊዜ ይሞክረው።) ደላላው “ቡታጅራ! ቡታጅራ!” ሲል እንሰማለን እንጂ “ቲያ ደርሶ መልስ” ሲል ሰምተን አናውቅም።

የመንገዱ ጸጥታስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዕለቱን ሁኔታ ሳያጣሩ መውጣት አይገባም። ሆኖም ይህ ንግድ ሆቴል የሚያስገነባ ካፒታል አይጠይቅም። ፈቃዱን አውጥቶ፣ ሁለት ሚኒባስ ይዞ፣ ከአካባቢው አስጎብኚዎችና ከአንድ ምግብ ቤት ጋር የተዋዋለ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ሊጀምር ይችላል። ደንበኛውም የግድ ፈረንጅ መሆን የለበትም፤ በዕረፍት ቀን ልጆቹን የት እንደሚወስድ ግራ የገባው የአዲስ አበባ ወላጅ አለ።