ምራቂ የሌለው ገበያ

በአዲስ አበባ ስለ ገበያ ሲወሳ ክርክሩ ሁልጊዜ በሁለት ቃላት ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በዋጋና በጽዳት። ሽንኩርት ለምን ተወደደ? ጉልቱ መንገዱን ለምን አጣበበ? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ደመወዝተኛው ወሩን ለማድረስ በሚፍጨረጨርበት ከተማ የሽንኩርት ዋጋ ቀላል ነገር አይደለም፤ በክረምት በበሰበሰ ጎመን ላይ እየተንሸራተቱ መሄድንም የሚያወድስ የለም። ስሕተቱ የሚጀምረው ከእነዚህ ሌላ ጥያቄ የለም ሲባል ነው። ያን ጊዜ ገበያ ዕቃ በአንድ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣበት መጋዘን ይሆናል፤ ቦታው ቢዛወር፣ ሻጩ ቢለወጥ ምንም የሚጎድል አይመስልም። ይህ አስተሳሰብ በጽሕፈት ቤት ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም። በመማሪያ ክፍልም፣ በትያትር መድረክም፣ በሠዓሊው ሸራም ላይ ይገኛል፤ ስለዚህም ሊመረመር ይገባዋል።

ምርመራውን ከጉልት መጀመር ይሻላል፤ ከተማይቱን ከሚመግቧት እጆች ሁሉ የመጨረሻውና አቅመ ቢሱ እርሱ ነውና። የጉልት ነጋዴዋ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ወደ አትክልት ተራ ትሄዳለች። ከጅምላ ሻጩ የገዛችውን አንድ ሣጥን ቲማቲምና ጥቂት ሽንኩርት፣ ለተሸካሚና ለታክሲ ከፍላ ወደ ሰፈሯ ታመጣለች፤ ማዳበሪያዋን አንጥፋም ቲማቲሙን አራት አራት፣ አምስት አምስት እያደረገች በመደብ ትደረድራለች። መደብ ድኃ ለድኃ ያወጣው መለኪያ ነው፤ ለኪሎ የሚበቃ ገንዘብ የሌለው ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንዳይገባ ያደርጋል። ለመደብም ያልሞላላት ጎረቤት «ለወሩ መጨረሻ» ብላ በዱቤ ትወስዳለች። ዋጋው ከተከፈለ በኋላም ገዢዋ ዘንቢሏን ሳትዘጋ «እስቲ መርቂልኝ» ትላለች፤ ሻጯም አንድ ቲማቲም ወይም ሁለት ቃሪያ ትጨምርላታለች። ይህ ምራቂ ይባላል። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ልጁን ሲባርክና ጉልት ሻጭ ከመደቧ በላይ ስትጨምር አማርኛ ለሁለቱም ያለው ግሥ አንድ ነው፤ «መረቀ»፣ «መረቀች»። ቋንቋው ይህን ያደረገው ቃል አጥሮት አይደለም። ከዋጋው በላይ የተሰጠችው ያቺ አንዲት ቲማቲም ሸቀጥ መሆኗ ቀርቶ ዝምድና መሆኗን ስለሚያውቅ ነው።

በጉልት ሻጭና ገዢ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት «ደንበኛዬ» በሚል አንድ ስም ነው። ይህም ደንበኝነት ከቲማቲሙ አልፎ ይሄዳል። ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ የቤቱን ቁልፍ የሚቀበለው ከጉልቷ ሴት ነው። ወላድ ያለችበት ቤት፣ ሕመምተኛ የተኛበት ቤት፣ አባወራው ከሥራ የወጣበት ቤት በእርስዋ ዘንድ ይታወቃል። እድርና ዕቁብ የከተማው ሕዝብ በገዛ እጁ ያቋቋማቸው ድንቅ ማኅበራት መሆናቸውን ሁሉም ይመሰክራል፤ ዳሩ ግን የዕቁቡ ገንዘብ ከምን እንደሚሰበሰብ፣ የእድሩ አባላትም ከቀብሩ ቀን አስቀድሞ የት እንደ ተዋወቁ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ያቺ ሴት የማዳበሪያዋን አራት ጫፍ ሰብስባ ስትሮጥ፣ አብሮ የሚጠቀለለው ይህ ሁሉ ነው።

ከተማይቱ ራሷ ያደገችው በገበያ ዙሪያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ገበያ፣ ይልቁንም የቅዳሜው፣ እህል ብቻ የሚሸመትበት አልነበረም። አዋጅ በገበያ ማስነገር የቆየ ልማድ ነበርና ባላገሩ የመንግሥትን ነገር የሚሰማው፣ የራቀ ዘመዱን ወሬ የሚጠይቀው በገበያ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ወርሮ የቆየው የፋሺስት ኢጣሊያ አስተዳደር ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጣው የከተማ ዕቅድ መሠረት ያንን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ስሙንም «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለት የአገሬው ሰዎች ገበያ አለው። ወራሪው ሲባረር ስሙ እኩሌታው ቀረ፤ ገበያውን ግን ሕዝቡ እንደ ገና ሠራው። እህል በረንዳ፣ በርበሬ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ የሚሉትን ስሞች ያወጣቸው መሐንዲስ አይደለም። ከጉራጌ አገር የመጣው ወጣት በሊስትሮነትና በተሸካሚነት ጀምሮ በዕቁብ ሱቅ የከፈተው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬና አማርኛ ተናጋሪዋ ሸማች በጣት ቁጥር ሲግባቡ ቆይተው ውለው አድረው አንዱ የሌላውን ቋንቋ የለመደው በእነዚህ ተራዎች ነው። ሰውን ከሰው ለመለየት የታቀደ ቦታ የመተዋወቂያ ቦታ ሆኖ ቀረ።

ሌላው ትምህርት የሚገኘው ከደርግ ዘመን ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በተተመነ ዋጋ ኮታ ይቀበል ነበር፤ እህል ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው በነጻ እንዳይዘዋወር ኬላዎች ይጠብቁ ነበር፤ ከተሜውም በቀበሌው የኅብረት ሱቅ ተሰልፎ ራሽኑን ይወስድ ነበር። የታሰበው ነጋዴው በገበሬውና በሸማቹ መካከል ገብቶ ሁለቱንም እንዳይመዘብር ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ እህል ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ እስከ ማስረከብ ደረሰ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ተነሣ። ሰልፍ ራሽን ሊያድል ይችላል፤ ደንበኛ ግን አያፈራም። ይህን ያየ ትውልድ ዛሬም በሕይወት አለ፤ መጋዘንን ገበያ ብሎ መጥራት ምን እንደሚያስከትል ከእርሱ መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንመለስ ቢባል ደግሞ የአትክልት ተራ ጉዞ አለ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት ወቅት፣ ለብዙ ዓመታት በፒያሳ የቆየው አትክልት ተራ መጨናነቅን ለመቀነስ ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ የሕይወት ጉዳይ ነበርና የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ክረምት መጣ፤ ለጥምቀትና ለስፖርት የተዘጋጀው ሜዳ ጭቃ ሆነ፤ ነጋዴውም፣ ተሸካሚውም፣ ሸማቹም በዚያ ጭቃ ውስጥ ከረመ። በ2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ገበያው እንደ ገና ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በዚህ ሁሉ መነሣትና መውደቅ የጅምላ ነጋዴው መኪና አለውና ተከተለ። በስሜን በኩል፣ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ጉልት የምትቸረችረው ሴት ግን ከተማይቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ እንድትሄድ ሆነ። የታክሲው ዋጋ ከማን ተነሣ? ከመደቡ ላይ ከጎደለችው ቲማቲም፣ ከቀረችውም ምራቂ ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ሰፈሮችን ራሳቸውን አንቀሳቅሷል። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱም፣ የእግረኛ መሄጃውም አምሯል፤ ይህን መካድ ዕውርነት ነው። ነገር ግን ከመካከለኛው ከተማ ተነሥቶ በዳር ወዳለው የጋራ መኖሪያ ቤት የገባው ቤተሰብ የያዘው ቁልፍ የቤት ብቻ ነው፤ ደንበኛውን ይዞ አልሄደም። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ምድር ቤት ያሉት ሱቆች በጨረታ የሚሸጡ ናቸው፤ ጉልት ደግሞ ጨረታ አይገባም። ያም ሆኖ ፀሐይ ስትጠልቅ በየጋራ መኖሪያው በር ማዳበሪያ ይነጠፋል፤ መደብም ይደረደራል። ማንም ያላቀደው ነገር በየምሽቱ ከበቀለ፣ ዕቅዱ የዘነጋው እውነተኛ ፍላጎት አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ጥፋቱ የደላላ ነው፤ ደላላው ከተወገደ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል ድምፅ ይሰማል። ደላላው ንጹሕ ነው የሚል የለም። በመቂና በባቱ መስኖ ያለማው ገበሬ ቲማቲሙ ከቀላ ሁለትና ሦስት ቀን የሚያቆይበት ማከማቻ የለውም፤ የአዲስ አበባን የዕለት ዋጋ የሚያውቀው፣ መኪናውንም የሚጠራው ደላላው ነው፤ ስለዚህ ዋጋ ቆራጩ እርሱ ይሆናል። የደላላው ጉልበት የሚመነጨው ገበሬውና ከተሜው ካለመተያየታቸው ነው። እንግዲህ ሁለቱን የሚያገናኘውን ቦታ እያጠበቡ ደላላን መርገም፣ ምንጩን ትቶ ጅረቱን መምታት ነው። ሰንሰለቱ ረጅም ነው ተብሎ በስተመጨረሻ የሚቀጣው ደግሞ ከቀለበቶቹ ሁሉ ቀጭኑ፣ ጉልቱ ሆኗል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየክፍለ ከተማው የሚቆመው የእሁድ ገበያ፣ እንደ ለሚ ኩራና ኮልፌ ያሉት የግብርና ምርቶች ማዕከላትም ከዚህ አንጻር ሊመዘኑ ይገባል። ሸማቹ በቅናሽ ዋጋ ጤፍና ሽንኩርት ማግኘቱ የሚመሰገን ነው። ይሁንና ከድንኳኑ ሥር የሚቆመው ሁልጊዜ አራሹ ራሱ አይደለም። የሱሉልታዋ ባለ ወተት፣ የአድአው ጤፍ አምራች፣ የሆለታው ባለ ድንች ከከተሜው ጋር ዐይን ለዐይን ካልተያዩ፣ የእሁዱ ገበያ በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈት የኅብረት ሱቅ ከመሆን አያልፍም። ዋጋ ቀንሷል፤ መተዋወቅ ግን ገና አልተጀመረም።

የኪነ ጥበብ ሰዎችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። በትያትሩና በፊልሙ ላይ ገበያ ሲታይ ኪስ አውላቂ፣ አፈ ጮሌ ደላላና ዐይኑን ያፈጠጠ ባላገር ይታያሉ፤ ተመልካቹ ባላገሩ ሲታለል ይስቃል። ሠዓሊው ደግሞ ነጭ ጃኖ፣ ቀይ በርበሬና የተዋበ እንቅብ ይሥልና ሥዕሉ ለእንግዳ መቀበያ ክፍል ይሸጣል። አንዱ ገበያን ማላገጫ አደረገው፤ ሌላው ጌጥ። ሌሊት አሥር ሰዓት የምትነሣው ሴት በሁለቱም ውስጥ የለችም። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ስንት መደብ እንደሚወጣው፣ ስንቱ እንደሚበሰብስ፣ ዱቤ የከለከለቻትን ጎረቤት በማግሥቱ በእድር ቤት እንዴት ቀና ብላ እንደምታያት የሚያሰላ አእምሮ ለድርሰት የሚበቃ ግጭት ካልያዘ፣ ግጭት ከወዴት ሊገኝ ነው?

የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። ሰፈር ሲታቀድ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው እንደሚቆጠር ጉልቱም ይቆጠር፤ ጣራ፣ ውኃ፣ መጸዳጃና የታወቀ ሰዓት ይኑረው፤ ኪራዩም ከመደብ ትርፍ የሚበልጥ አይሁን። ገበያ ማዛወር ግድ ሲሆን የጅምላ ነጋዴው ብቻ ሳይሆን ቸርቻሪዋና ተሸካሚውም ይጠየቁ፤ ክረምት ሳይገባ ይደረግ። በእሁዱ ገበያ ለአራሹ ራሱ የተለየ መደብ ይሰጠው። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ገበያ ይውጣ፤ ቁናን ከኪሎ እያነጻጸረ ሒሳብ፣ የገበሬውን መንገድ እየተከተለ ጂኦግራፊ፣ የሻጭና የገዢን ክርክር እያዳመጠ ሰዋስው ያስተምር። ደራሲውም ከመጻፉ በፊት ዘንቢል ይያዝ።

ከተማ የሚለካው በሕንፃው ቁመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገበያን ከዕይታ ማራቅ ጥበብ ይባል ነበር። ነገር ግን በአንድ ፎቅ ላይ ግድግዳ ለግድግዳ ተዋስነው የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች የማይተዋወቁበት ከተማ፣ መብራቱ የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ ቀባሪ የሌለው ከተማ ነው። ዋጋን ሚዛን ይቆርጠዋል። ምራቂ ግን ሰው ሰውን ካላወቀ በቀር አይገኝም፤ እርሱ የሌለበትን ቦታ ሕዝቡ መሸመቻ ሊለው ይችላል፤ ገበያ ግን አይለውም።